ለቅርጫ የቸኮለው ጅብ

«አንድ ጊዜ» ብሎ ከመጀመር በፊት መንገድ ምን እንደሆነ በጥንቃቄ መናገር ይገባል። መንገድ ማለት ከአንድ ስፍራ ተነስቶ ሌላ ስፍራ የሚደርስ፣ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን ከቦታው ንቅንቅ የማይል ነገር ነው። የሚንቀሳቀሱት በላዩ ያሉት ናቸው። መንገድ አይቸኩልም፣ አይዘገይም፤ ቢሮጡበት አያጥርም፣ ቢያዘግሙበትም አይረዝምም። ይህን እንስሳ ሁሉ ያውቃል፤ ከጅብ በስተቀር።

እንግዲህ አንድ ጊዜ፣ ከቋጥኛማው ተራራ ተነስቶ እስከ አንበሳ ሜዳ የሚወርድ አንድ መንገድ ነበር። በመንገዱ ዳር ሁለት ትልልቅ የሾላ ዛፎች አሉ፤ አንዱ ላይኛው ሾላ፣ ሌላው ታችኛው ሾላ ይባላል። ከታችኛው ሾላ ጥቂት ወረድ ሲሉ መንገዱ ይታጠፍና ከጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። ድሮ የወደቀ አንድ ግዙፍ ዝግባ ከገደሉ ወዲህ እስከ ገደሉ ወዲያ ተጋድሞ ነበርና እንስሳቱ ግንዱን ድልድይ አድርገው ይሻገሩበት ነበር። ከማዶ ያለው አንበሳ ሜዳ ነው።

ይህ መንገድ መጀመሪያ ሕግ አልነበረውም። ሁሉም በፈለገው ፍጥነት ቁልቁል ይንደረደር ነበር። ታዲያ አንድ ክረምት ጎሽ ሲወርድ የኤሊን ቤተሰብ ከነልጆቻቸው ረግጧቸው አለፈ። «አላየኋቸውም» አለ ጎሽ፤ እውነቱን ነበር። ኤሊዎቹ ግን አይተውት ነበር፤ ለመሸሽ እንኳ ጀምረው ነበር። አንበሳ ይህን ሰምቶ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ደንቦች አወጣ፦ በመንገዱ ላይ ማንም ማንንም አይበላም፤ ከተወሰነው ፍጥነት በላይም ማንም አይሮጥም። ደንቡን እንዲያስከብር ጉሬዛ ተሾመ።

ጉሬዛ የተመረጠው በልብሱ ነው ይባላል። ጥቁር ለብሶ፣ ነጭ ደርቦ የተወለደ እንስሳ ስለሆነ የደንብ ልብስ መስፋት አላስፈለገም። ሹመቱን በተቀበለ ዕለት ሳጅን ተባለ።

ሳጅን ጉሬዛ ፍጥነት የሚለካበት መሣሪያ የለውም። ያለው የሾላ ፍሬ ነው። በእያንዳንዱ ሾላ ሥር፣ በመንገዱ ዳር፣ በሃያ እርምጃ ርቀት ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች አስቀምጧል። አንድ መንገደኛ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲያልፍ ሳጅኑ ከዛፉ ጫፍ አንዲት ፍሬ ይለቃል። ፍሬዋ መሬት ሳትነካ ሁለተኛውን ድንጋይ ያለፈ ሁሉ ፈጥኗል። በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ፍሬ ዘመድ የለውም።

የተያዘ እንስሳ ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። የዛፉ ጥላ እየተሳበ ሄዶ የተመደበለትን ድንጋይ እስኪነካ ድረስ አይነሳም። ሦስት ጊዜ የተያዘ ግን ከመንገዱ ይታገድና አንድ ዓመት ሙሉ በእሾሁ ጥሻ ውስጥ ይሄዳል። በእሾሁ ጥሻ የሄደ እንስሳ ስለ ጉዞው ሲጠየቅ ወሬ ይለውጣል።

ሕግ ባለበት ዘንድ ደግሞ መላ አይጠፋም። መንገደኞቹ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ልማድ አወጡ። ሳጅኑ የተቀመጠበትን ዛፍ አልፎ የመጣ እንስሳ፣ ከፊቱ የሚመጣ ሌላ እንስሳ ሲያገኝ ግራ ጆሮውን ሁለት ጊዜ ይነቀንቃል። «ሳጅኑ አለ፤ ቀስ በል» ማለት ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ግን ሁሉም ያደርገው ነበር። ሚዳቋ ለነብር ትነቀንቃለች፤ ነብርም ለሚዳቋ። በሌላ በምንም ጉዳይ ተስማምተው አያውቁም። ሳጅን ጉሬዛም ነገሩን ያውቃል፤ ግን ዝም ይላል። ዝንብ ባለበት አገር ጆሮ መነቅነቅን መከልከል አይቻልም።

ከዕለታት በአንዱ ጠዋት ጅብ ዋሻው ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቶ ሳለ ቀበሮ ደጁ ላይ ቆማ ተጣራች።

«አያ ጅቦ! አያ ጅቦ! ኧረ ዛሬም ትተኛለህ?»

«ምን ሆንሽ እመት ቀበሮ? ሆዴ ባዶ ሲሆን ነው የምተኛው፤ ባትቀሰቅሺኝ ምናለ?»

«የቅርጫው ቀን መሆኑን ረሳኸው?»

ጅብ ከተኛበት ተፈናጥሮ ተነሳ። ቅርጫውንስ አልረሳም፤ ቀኑን ነው የረሳው። አሥር እንስሳት ተባብረው አንድ የዱር በሬ ጥለው ነበር። ሥጋው በአሥር እኩል መደብ ይከፈላል፤ ለአንዱ መደብ ጉበት ከሄደ ለሌላውም ጉበት፣ ለአንዱ ጎድን ከደረሰ ለሌላውም ጎድን ይሄዳል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ከአሥሩ አንዱ ጅብ ነበር። በሬው እስኪደክም ሦስት ቀን ያሳደደው እሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አራት ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሰም።

«ዕጣው መቼ ነው የሚወጣ?» አለ፣ ምራቁ እየቀደመው።

«ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ። ዘንድሮ ግን ደንቡ ተለውጧል አሉ። በሰዓቱ ያልተገኘ መደቡን አያገኝም።»

«አያገኝም? ለማን ሊሰጥ?»

«እኔ ምን አውቄ አያ ጅቦ? የሰማሁትን ነው የምነግርህ። ለመሆኑ በሳጅን ጉሬዛ ስንት ጊዜ ተይዘሃል?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ! ታዲያ ምን ያስፈራሃል? በል እኔ እግሬ አጭር ነው፤ ቀደም ብዬ ቀስ እያልኩ ልውረድ» ብላ ለእሷ ብቻ በምትበቃ የቁጥቋጦ አቋራጭ ሄደች።

ደንቡ አልተለወጠም ነበር። በዚያ አገር ቅርጫ ላይ የቀረ አባል መደቡ እስከ ማግስቱ ጀምበር ጥልቀት ትጠብቀዋለች፤ ማንም አይነካትም። ቀበሮ ያሰበችው ሌላ ነው። ጅብ ከቸኮለ ይያዛል፤ ከተያዘ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ እሱ ተቀምጦ ሳለ እሷ «የአያ ጅቦን መደብ እኔ አደርስለታለሁ፤ ጎረቤቱ ነኝ» ልትል ነው። ከሰጧት በኋላ የት እንደምታደርስ የምታውቀው እሷ ናት።

ጅብ ግን የሰማውን አመነ። የፊት እግሩ ከዋሻው ሳይወጣ የኋላ እግሩ ሮጠ።

መጀመሪያ የደረሰበት ከርከሮ ነበር። ከርከሮ የታመሙ አማቱን ሊጠይቅ ወደ ማዶ ይወርዳል። ጅብ አቧራውን አልብሶት አለፈ። ቀጥሎ ያገኘው አህያን ነው። አህያ የሥጋው መደብ የሚደለደልበትን የኮባ ቅጠል እስከ ጆሮው ተጭኖ፣ የመንገዱን ዳር ይዞ ያዘግም ነበር።

«ዞር በል! ዞር በል አንተ አህያ!»

«ዳር ላይ ነኝ እኮ አያ ጅቦ። ከዚህ በላይ ዞር ካልኩ ዛፍ ላይ ልወጣ ነው።»

«ዕጣው ሳይወጣ ካልደረስኩ ቅርጫ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ቅጠሉ እኔ ጀርባ ላይ ነው እኮ፤ እኔ ሳልደርስ ማን...» አለ አህያ። ጅብ ግን የዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ብቻ ይዞ ርቆ ነበር።

ከላይኛው ሾላ ሲደርስ ገና ጠዋት ስለነበር ከፊት ለፊቱ የሚመጣ መንገደኛ አልነበረም። ጆሮ የሚነቀንቅለትም አልነበረም። የመጀመሪያውን ድንጋይ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ከዚያ ከኋላው «ጠብ!» የሚል ድምፅ ሰማ።

«ቁም!»

ጅብ ክው አለ። አራት እግሮቹ በአራት አቅጣጫ ቆሙ። ሳጅን ጉሬዛ ነጭ ካባው እየተንዘረፈፈ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ወረደና ዝቅተኛው ላይ ተቀመጠ።

«ጤና ይስጥልኝ አያ ጅቦ። ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ?»

«ለሰላምታ ነዋ ጌታዬ! ደህና አደሩ? ቤተሰብ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ፍሬዋ ስትወድቅ አንተ የት ነበርክ?»

«የትኛዋ ፍሬ?»

«ያቺ።»

ጅብ ፍሬዋን አየ። ሸተታት። የሚበላ ሥጋ አለመሆኗን አረጋግጦ ፊቱን ወደ ሳጅኑ መለሰና ድምፁን አሳዘነ።

«ጌታዬ፣ ይማሩኝ፤ ለቅሶ አለብኝ።»

«ማን ሞተ?»

ጅብ ትንሽ አሰበ። «በሬ» አለ።

«በሬ ምንህ ነው?»

«በጣም ነው የምወደው።»

«ይህ ሁለተኛህ ነው» አለ ሳጅን ጉሬዛ። «ከዚህ ቁጭ በል። ጥላው ያቺን ድንጋይ ሲነካ ትነሳለህ። ሦስተኛ የተያዝክ እንደሆነ...»

«አውቃለሁ ጌታዬ፣ እሾህ። ግን እስኪ ይንገሩኝ፣ ነብር ሲሮጥ ለምን አይዙትም? ጎሽ ትናንት...»

«ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ጥላው ሲያዩት አይሄድም፤ ዞር ብለው ሲመለሱ ግን ትንሽ ተሳቦ ይገኛል። ጅብ ደግሞ ዓይኑን ከጥላው ላይ አላነሳም። እንዲህ ተቀምጦ ሳለ ከርከሮ ደረሰ፣ ሰላም ብሎት አለፈ። ጥቂት ቆይቶ አህያ ከነቅጠሉ ደረሰ።

«እንደምን አረፈድክ አያ ጅቦ? አረፍ ብለህ ነው?»

«ዝም ብለህ እለፍ! ይህ መንገድ ባይሆን ኖሮ...»

«መንገድ ነው» አለ አህያ፣ ቀስ ብሎም አለፈ።

ረፋዱ ላይ አንድ ቁራ ከታች በኩል ክንፉን እያርገበገበ መጣና ከሳጅኑ አጠገብ ዐረፈ። በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። የሳጅን ጉሬዛ ፊት ተለወጠ። በእጁ የነበረችውን ፍሬ ጣላት።

«አያ ጅቦ» አለ፣ ለመዝለል እየተነሳ። «የምሄድበት አስቸኳይ ጉዳይ አለ። ጥላው እስኪደርስ እንዳትነሳ። አምኜህ ነው የምሄደው፤ አደራ!»

«አደራዎን በልቼ አላውቅም ጌታዬ» አለ ጅብ፤ ሌላውን ሁሉ እንደበላ ግን አልተናገረም።

ሳጅኑ በዛፎቹ አናት ላይ እየዘለለ ወደ ታች ጠፋ። ጅብ ብቻውን ቀረ። ፀሐይን አየ፤ ወደ አናቱ እየቀረበች ነው። ጥላውን አየ፤ ከድንጋዩ ገና ሁለት ክንድ ይርቃል። ሆዱ ጮኸ። ጅብ ብዙ ጊዜ ሐሳብ አይመጣለትም፤ ሲመጣለት ግን ይደነቅበታል። ጥላን መጎተት አይቻልም፤ ድንጋይን ግን ይቻላል። በአፍንጫው እየገፋ፣ እያንከባለለ ድንጋዩን ከጥላው ውስጥ አስገባው።

«ነካ!» ብሎ ጮኸ። በአካባቢው ከራሱ ሌላ ምስክር አልነበረም፤ እሱም ራሱን አመነ። ተነስቶ ሮጠ።

ብዙ ሳይሄድ ጥንቸል ከፊት ለፊቱ ስትመጣ አየ። ጥንቸል ገና በሩቁ ጆሮዋን መነቅነቅ ጀመረች። የጥንቸል ጆሮ ሲነቀነቅ ከተራራ ማዶ ይታያል። ጅብ ሩጫውን ገትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሽማግሌ ከዕርቅ ሲመለስ እንደሚሄደው መሄድ ጀመረ። «እግዜር ይስጥሽ እህቴ» አላት በሹክሹክታ። ጥንቸል አልቆመችም። በመንገዱ ላይ መበላት ክልክል ነው፤ ቢሆንም ጥንቸል ደንቡን ከጅብ ጋር ቆማ ልትፈትነው አልፈለገችም።

ቀጥሎ ድኩላ መጣ። እሱም ነቀነቀ፤ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ከድኩላ ቀጥሎ ከርከሮ መጣ። አማቱን ሊጠይቅ ወደ ታች የወረደው ከርከሮ አሁን ወደ ላይ ይመለስ ነበር። ሌላ እንስሳ ቢሆን «አማትህን ሳትጠይቅ እንዴት ተመለስክ?» ይለው ነበር። ጅብ ግን ያየው ጆሮውን ብቻ ነው። ከርከሮ ግራና ቀኝ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ያርገበግባል።

«ኧረ ዛሬስ ሳጅኑ አምርሯል!» አለ ጅብ በልቡ።

ከርከሮ እያለከለከ አፉን ከፈተ። «አያ ጅቦ፣ ወደ ታች እንዳት...»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል!» ብሎ ጠቀሰው ጅብ። «ቀስ እያልኩ ነው፤ አታየኝም? እንዳይሰማህ ዝም በል። ውለታህን አልረሳም።»

ከርከሮ ግራ ገብቶት ቆመ። ጅብ ሲራመድ አየው። እውነትም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። «በዚህ አካሄዱ ከደረሰ አይቶ ይቆማል» ብሎ ተጽናና።

ጅብ እያንዳንዱን እርምጃ እየቆጠረ ከታችኛው ሾላ ደረሰ። የመጀመሪያውን ድንጋይ በትሕትና አለፈ። ሁለተኛውንም በትሕትና አለፈ። ፍሬ አልወደቀም። ቀና ብሎ «ጤና ይስጥልኝ ሳጅን» አለ። መልስ የለም። ዛፉን ዞረው። ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አየ። ከአንዲት ዋኔ ወፍ በቀር ማንም አልነበረም።

ደሙ ፈላ።

«ውሸታሞች! አንድ ላይ ዶልተዋል! እኔን እንደ ቀንድ አውጣ እያስጎተቱ መደቤን ሊያስበሉኝ ነው ለካ!»

ፀሐይ አናቱ ላይ ደርሳለች ማለት ይቻላል። ጅብ በዕድሜው ሮጦ በማያውቀው ፍጥነት ሮጠ። ከኩርባው ትንሽ ወዲህ አህያ ከነቅጠሉ መንገዱ ዳር ቆሞ አገኘው። አህያ ከከርከሮ የሰማውን ሰምቶ ቆሟል።

«ቁም አያ ጅቦ! ዛሬ ስታልፈኝ ሁለተኛህ ነው፤ እኔ አንድ ጊዜም አልሮጥኩም፤ ይኸው እኩል ደርሰናል። እስኪ ቁምና ስማኝ፣ ከታች...»

«አንተም ከእነሱ ጋር ነህ!»

አህያ ቃሉን ሲጨርስ ጅብ ኩርባውን ጨርሶ ነበር።

ኩርባውን ሲታጠፍ ሳጅን ጉሬዛን አየ። ሳጅኑ በዛፍ ላይ አልነበረም። በመንገዱ መካከል፣ በመሬት ላይ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ ሁለት እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ነጩ ካባው በነፋስ ይውለበለባል። ማንም እንስሳ ሳጅኑን መሬት ወርዶ፣ መንገድ ዘግቶ አይቶት አያውቅም።

«ቁም! ቁም አያ ጅቦ! በአንበሳ ይሁንብህ ቁም!»

በጅብ ጭንቅላት ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ገባ። ድንጋዩን እንዳንከባለልኩ ሰምቷል። ሦስተኛዬ ነው። አንድ ዓመት እሾህ። መደቤም ቀረች። ከዚያ የሳጅኑን እጆች አየ፤ ባዶ ናቸው። በእጁ ፍሬ የለም። ፍሬ ካልጣለ ደግሞ መፍጠኔን በምን ያስረዳል? ካለፍኩ አለፍኩ!

በዚያ ቀን የመጣለት ሁለተኛው ሐሳብ ይህ ነበር። አንገቱን ሰብሮ፣ ጆሮውን አጣብቆ፣ በሳጅኑ ግራ ብብት ሥር ሾልኮ አለፈ።

ከሳጅኑ ኋላ ድልድይ ነበር፤ እስከ ረፋድ ድረስ።

ሌሊቱን በተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ረፋዱ ላይ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጥቶ፣ የገደሉን አፋፍ ንዶ ዝግባውን ከነሥሩ ወስዶታል። ቁራው ለሳጅኑ የነገረው ይህንን ነው። ሳጅኑም ለጅብ ሳይነግረው የሄደው፣ ዛፍ ሥር ለተቀመጠ እንስሳ ስለ ድልድይ መንገር ስላልታየው ነው።

የጅብ እግሮች ከመሬት ከተለዩ በኋላም ጥቂት ሮጡ። በአየር ላይ የፍጥነት ወሰን አልተደነገገም። አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ ተመለከተ። የሚያባርረው ሳጅን አልነበረም። እጆቹ ገና እንደተዘረጉ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኖቹ ፈጠው የቆመ አንድ ጉሬዛ ነበር። ጅብ የሚቀጣ ፊት ምን እንደሚመስል በደንብ ያውቃል፤ ይህኛው ፊት እሱ አልነበረም። ጅብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ወዲያውኑ ገባው። ከዚያ ወደ ታች ሄደ።

ከታች የጎርፉ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

አህያ ቀስ እያለ ኩርባውን ዞሮ መጣ። ከርከሮም ልቡ አላስችለው ብሎ ተመልሶ ነበርና ከኋላው ደረሰ። ሳጅኑ እጆቹን አላወረደም።

«አለፈ?» አለ አህያ።

«አለፈ።»

«አላየህም?»

«አየኝ እንጂ። ሊያመልጠኝ ብሎ ነው።»

«ከምን?»

ሳጅን ጉሬዛ ያን ጊዜ እጆቹን አወረደ።

«እኔ ነቅንቄለት ነበር እኮ!» አለ ከርከሮ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «በሁለቱም ጆሮዬ! ጥንቸልም ነቅንቃለታለች፣ ድኩላም! ሁላችንም ነቅንቀንለታል!»

«ነቅንቃችሁለታል» አለ አህያ። «እሱም ገብቶታል። የገባው ግን የለመድነው ነው።»

ከርከሮ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ነው የሁሉም ልብ የደነገጠው። ስንት ዓመት ሙሉ ጆሮ እየነቀነቁ ኖረዋል። ስለ ሳጅኑ የሚያስጠነቅቁበት ምልክት ነበራቸው፤ ስለ ገደል የሚያስጠነቅቁበት ምልክት አልነበራቸውም። ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ከማዶ፣ በአንበሳ ሜዳ፣ የቅርጫው አባላት ጩኸቱን ሰምተው ወደ አፋፉ ወጡ። ሲወድቅ አይተዋል፤ ማን እንደሆነ ግን አልለዩም። አንበሳ በገደሉ ላይ ድምፁን አሻግሮ ጠየቀ።

«ሳጅን! የወደቀው ማን ነው?»

«አያ ጅቦ ነው ጌታችን!»

«እንዲህ ያቻኮለው ምንድን ነው?»

«ቅርጫ ነው ጌታችን!» አለ አህያ። «ዕጣው ሳይወጣ ካልደረስኩ መደቤን አጣለሁ ብሎ!»

አንበሳ ዞሮ የቅርጫውን አባላት ተመለከተ። «ከመቼ ወዲህ ነው በእኛ አገር የቀረ መደቡን የሚያጣ? ይህን ማን ነገረው?»

ነብር ቀበሮን አየ፤ ተኩላም ቀበሮን አየ። ቀበሮ የገዛ እግሮቿን ትመለከት ነበር።

«እኔ...» አለች በመጨረሻ፣ በማይሰማ ድምፅ። «እኔ ዛፍ ሥር ይቀመጣል ብዬ ነበር።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። የተዘጋጀችበት ቃል ነበራት፤ «እኔ አደርስለታለሁ» የሚለው ቃል። ግን ወዴት?

ዕጣው በዚያ ቀን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ወጣ። የቸኮለ አልነበረም። አህያ መሻገር ስላልቻለ ቅጠሉ ከወዲህ ማዶ ቀረ፤ ሥጋው በራሱ በበሬው ቁርበት ላይ ተመደበ። አሥር መደብ፣ እኩል በእኩል። ለቀረው አባል አንበሳ ራሱ ዕጣ አወጣለት። ሳጅን ጉሬዛም ከወዲህ ማዶ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ማንም ሳያዘው መሬት ላይ ቆሞ አደረ፤ በማግስቱም ቆሞ ዋለ። የመጡት ሁሉ፣ ነብርም ጎሽም ሳይቀሩ፣ ገና በሩቁ ሲያዩት ቆሙለት። ፍሬ የያዘ መሆን አለመሆኑን ያየ አልነበረም።

ከማዶ ያሉት ዘጠኙ አባላት ጎርፉ እስኪጎድል ከታች ሲፈልጉ ዋሉ። ያገኙት ነገር የለም። የአያ ጅቦ መደብ በደንቡ መሠረት እስከ ማግስቱ ጀምበር ጥልቀት ድረስ ቁርበቱ ላይ ቆየች፤ ጉበቷም፣ ጎድኗም፣ ሽንጧም ሳይጎድል። እሷ ነበረች፤ እሱ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው፣ ያስቆመን ሁሉ ሊቀማን ነው ብለን የለመድን እንደሆነ፣ ነፍሳችንን ሊሰጠን መንገድ ላይ የቆመውንም በብብቱ ሥር ሾልከን እንደምናልፈው ነው።